ዳኛ ያልፈረደው ቅጣት

 

ዛሬ የማወራህ ስለ ቆርቆሮ ነው። አትሳቅ። ፀዳ፣ አዘዞ ወይም ማክሰኝት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደግክ ከሆነ የመጋቢትን ቀትር ታውቀዋለህ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጣሪያው ይንቋቋል፣ የቤቱ አየር ምጣድ የተጣደበት ማድ ቤት ይመስላል፣ እናትህ "ውጡ እናንተ ልጆች፣ ጥላ ስር ሁኑ" ትላለች። ትወጣለህ። ዛፍ ስር ትቀመጣለህ፣ ከጀሪካኑ ቀድተህ ትጠጣለህ፣ ፊትህን ትታጠባለህ፣ አለቀ። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ሲከፋ ደግሞ ጋቢ ትደርባለህ፣ ወደ ከሰሉ ጠጋ ትላለህ።

አሁን ያው ቤት ከውጭ ተቆልፏል በል። ሃምሳ ሰው ጨምርበት። መስኮቱን ጠባብ አድርገውና ከፍ አድርገህ ስቀለው። ውሃው ጠባቂው ሲፈቅድ ብቻ የሚመጣ ይሁን። ጋቢህን ውሰድበትና ሲሚንቶ ላይ አስተኛው።

እስር ማለት ይሄ ነው። እስረኛ ጥላ ፍለጋ መሄድ አይችልም። ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ደጅ መውጣት አይችልም። ሙቀትም ብርድም የሚገድለው ለዚህ ነው፤ መሸሻ ስለሌለው።

የዛሬው ጽሑፌ የሚለው አንድ ነገር ነው። ፍርድ ቤት አምስት ዓመት ሲፈርድ አምስት ዓመት ነው የፈረደው። "በ40 ዲግሪ ይቀቀል" ወይም "ሲሚንቶ ላይ ይደንዝዝ" ብሎ የፃፈ ዳኛ የለም። ብዙው ወገናችን ደግሞ ጭራሽ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ነው እዚያ የሚከርመው። ስለዚህ የክፍሉ ሙቀትና ብርድ ማንም ያልፈረደው፣ ማንም ይግባኝ የማይጠይቅበት ሁለተኛ ቅጣት ነው።

አዋሽ አርባን አስታውስ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለ፣ የአማራ ክልል ምክር ቤት አባሉ ዮሐንስ ቧያለው፣ የአዲስ አበባ ምክር ቤት አባሉ ዶ/ር ካሳ ተሻገር ተያዙ። እንደ በላይ ማናዬና በቃሉ አላምረው ያሉ ጋዜጠኞችም ተከተሉ። እስረኞች ወደ አፋር ክልል፣ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ተጫኑ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ቦታው ድረስ ሄዶ እስረኞቹን አይቷል። እንግዲህ አዋሽን በአውቶብስ መስኮት ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋበት በረሃ ነው።

ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ አዋሽ ደግሞ ሌላ ከ200 በላይ። የጎንደር እናት ስንቅ ልታደርስ፣ ውሃ ልታቀብል፣ "ልጄ ከሳ፣ ልጄ ታመመ" ብላ በር ላይ ልትጮህ አትችልም ማለት ነው። ርቀቱም የቅጣቱ አካል ነው።

"ሙቀት ምናባቱ፣ የመተማና የሁመራ ሰው እየኖረበት አይደል?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረድክ ልጅ ግን መልሱን ታውቀዋለህ። ቆላ ስትወርድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው ሰውነትህ የሚፈተነው። ገላ ሙቀት ለመልመድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የደጋ ሰው ደሙ ወባ አያውቅም፣ ስለዚህ ሲይዘው ይጠናበታል። ደግሞ የመተማ ሰው በቀትር ዳስ ስር ይተኛል፣ ማታ አልጋውን ደጅ ያወጣል፣ እንደልቡ ይጠጣል። እስረኛው ከነዚህ አንዱንም ማድረግ አይችልም።

የሙቀቱ አገዳደል እንዲህ ነው። የሰው ገላ የሚሠራው በ37 ዲግሪ ገደማ ነው። ሲሞቅ ደሙን ወደ ቆዳ ይገፋል፣ ላብ ያወጣል። የሚያቀዘቅዘን ግን የላቡ መውጣት ብቻውን አይደለም፣ መትነኑ ነው። ክፍሉ ነፋስ ከሌለውና አየሩ በትንፋሽ ከረጠበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ውሃህ ያልቃል፣ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የጡንቻ ቁርጠት ይመጣል። ቀጥሎ ማስታወክ። የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰውየው ይቃዣል፣ ይወላገዳል፣ ራሱን ይስታል። ያኔ ቶሎ ውሃ ካልተደፋበትና ካልተራገበለት አእምሮው፣ ኩላሊቱና ጉበቱ ይጎዳሉ፤ ሊሞት ይችላል። ጠባቂው ደግሞ የሚቃዠውን ሰው ሲያይ ምን ይላል? "ያስመስላል" ነው የሚለው። ብዙ ሰው የሚጠፋው በዚች ቃል ነው።

መጨናነቅ ራሱ እሳት መሆኑንም ልብ በል። ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ከገላው ያወጣል። ሃምሳ ሰው 5,000 ዋት ነው። ቤትህ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ እኮ 4,000 ዋት እንኳን ላይሞላ ይችላል! ሃምሳ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ማጎር ማለት ቀንና ሌሊት የማይጠፋ ምጣድ መሃላቸው ጥዶ መሄድ ማለት ነው።

ከታሰሩበት የወጣ አንድ የሰፈሬ ልጅ የነገረኝን አልረሳውም። የት እንደነበር አልናገርም። "ማታ ማታ ነፋስ በተራ ነበር የምንወስደው" አለኝ። በሩ ስር ክፍተት አለ። እዚያ ክፍተት ላይ አፍንጫውን አድርጎ የሚተኛ ሰው በየሰዓቱ ይቀያየራል። ሽማግሌና አስም ያለበት ሁለት ተራ ይሰጠዋል። ሕጉን ያወጡት እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው። አየህ፣ ወገን ሲጨነቅ እንኳን ፍርድ ያውቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ ለደካማ ሰው ያሰበ ባለሥልጣን ግን አልነበረም።

ሌላም አለ፤ መድኃኒት። ለደም ግፊት ከሚሰጡት ክኒኖች አንዳንዶቹ ውሃ ከገላ የሚያስወጡ ናቸው። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት አንዳንዶቹ ደግሞ ገላ ራሱን እንዳያቀዘቅዝ ያደርጋሉ። ኢንሱሊን ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ከተከፈተ በኋላም ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። በ38 ዲግሪ ክፍል ውስጥ በፌስታል ተንጠልጥሎ የከረመ ኢንሱሊን ጉልበቱ ይደክማል። ስኳር ያለበት እስረኛ መርፌውን ሳያቋርጥ እየወጋ ስኳሩ ግን ላይወርድለት ይችላል። ቤተሰብ "መድኃኒቱን አድርሰናል" ብሎ ይተኛል።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዚያን አገር የጥቅምት ሌሊት ላንተ አልነግርህም፤ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ያሉት አባቶች ያለ ነገር አላሉም። አጥንት የሚጋጠው ገላ ለመሞቅ ማገዶ ስለሚፈልግ ነው። እስረኛው ግን ሁለት ዳቦና ቀጭን ወጥ በልቶ ነው የሚያድረው፤ ማገዶ የለውም። ሲሚንቶ ሙቀት ይጠጣል። ገላው ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ምላሱ ይተሳሰራል። መንቀጥቀጡ ሲቆም "ተሻለው" እንዳትል፤ አደጋው ያኔ ነው የሚብሰው። ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለበትን አዛውንት ብርዱ ራሱ ይጥለዋል።

ብርድ ብቻውን አይመጣም ደግሞ። ሰው ሲበርደው ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል፣ ይጠጋጋል፣ ልብሱን አያወልቅም፣ በቀዝቃዛ ውሃ አይታጠብም። በተደፈነ ክፍል ሳንባ ነቀርሳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ባልታጠበ ልብስ ቅማል ይራባል፣ ቅማል ደግሞ ታይፈስንና እያገረሸ የሚመለሰውን ትኩሳት ይዞ ይመጣል። ይሄን ከሩቅ አገር አላመጣሁትም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሜን ጎንደር ዞን ማረሚያ ቤት ባደረጉት ጥናት ቲቢ እዚያ ውስጥ ከውጭው ሕዝብ በብዙ እጥፍ በዝቶ አግኝተውታል። እስረኛው ደግሞ አንድ ቀን ይፈታል። ወደ ሰፈርህ፣ ወደ ታክሲህ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንህና ወደ መስጊድህ ነው የሚመለሰው። የእስር ቤት አየር የእኛም አየር ነው።

መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በክልላችን የጀመረው የጅምላ አፈሳ ነገሩን አባሰው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንዳወጣው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው በዳንግላ፣ በሰራባ፣ በኮምቦልቻና በሸዋሮቢት ካምፖች ታጎሩ። ከታሰሩት መካከል ዳኞችና ምሁራን ሁሉ ነበሩ። ዳንግላ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ክረምቱ ጭቃ ነው። ሸዋሮቢት ቆላ ነው። ካምፕ ደግሞ ለእስረኛ ተብሎ አልተሠራም፤ አዳራሽ ነው፣ መጋዘን ነው፣ ቆርቆሮ ነው። ደጋ ያደገው ቆላ፣ ቆላ ያደገው ደጋ ሲጣል ማንም "ይሄ ሰውዬ ምን ሕመም አለበት?" ብሎ አልጠየቀም።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው ከጭካኔና ኢሰብዓዊ ከሆነ አያያዝ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 21 በጥበቃ ስር ያለና የተፈረደበት ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ የመያዝ፣ በዘመዶቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል። "አስቸኳይ ጊዜ ነበር" ላሉህ ደግሞ አንቀጽ 93ን አውጣላቸው። አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳን ከማይነኩት አንቀጾች አንዱ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያፀደቃቸው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየሙት የእስረኞች አያያዝ ደንቦችም አሉ። ደንብ 13 የእስረኛ ክፍል ሲዘጋጅ የአየር ጠባዩ፣ የአየሩ መጠን፣ ስፋቱ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱና የአየር ዝውውሩ ይታይ ይላል። ደንብ 21 አልጋና መኝታ ይላል። ደንብ 22 የሚጠጣ ውሃ እስረኛው በፈለገ ጊዜ ሁሉ ይኑር ይላል። "ጠባቂው ሲፈቅድ" አይልም።

"ድሃ አገር ነን፣ ከየት አምጥተን?" ይሉናል። እስቲ ሀብታሙን እንይ። አሜሪካ ውስጥ ቴክሳስ የሚባል ግዛት አለ። ግዛቱ በአውራጃ ደረጃ ያሉ እስር ቤቶቹን ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። የራሱን የግዛቱን ትላልቅ እስር ቤቶች ግን ለዓመታት ያለ ማቀዝቀዣ ትቷቸዋል፤ ሰዎች በሙቀት ሞተውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ይሄ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ በጽሑፍ አሰፈረ። ቴክሳስ የጎደላት ገንዘብ አይደለም። ሀብታምም ድሃም ሲረሳ የሚረሳው ያንኑ ሰው ነው። እስረኛን ለማስታወስ ደግሞ የግድ መክበር አያስፈልግም።

ምክንያቱም እኛ የምንጠይቀው ማቀዝቀዣ ማሽን አይደለም። ቆርቆሮው ላይ ነጭ ኖራ ይቀባ፤ ፀሐይዋን መልሶ ይገፋታል። ከስሩ ኮርኒስ ይመታ። መስኮት በሁለት ትይዩ ግድግዳ ይከፈት፣ ነፋስ ይግባ ይውጣ። በቀትር ሰው ከክፍል ወጥቶ ጥላ ስር ይዋል። በርሜል ውሃ ከነመቅጃው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። ደጋ ላይ ወለሉ ላይ እንጨት ርብራብ፣ በርሱ ላይ የሳር ፍራሽ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ። ይሄን ማድረግ ያቃተው መንግሥት ሰው ማሰር ያቅተው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልውሰድህ። "ወህኒ" የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃለህ? ከእኛው አገር ነው። ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ በበለሳ በኩል ወህኒ አምባ የሚባል ገደል የከበበው ተራራ አለ። የጎንደር ነገሥታት ዙፋን ሊሻሙ የሚችሉ ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን እዚያ አናት ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ነፋስና ቁር ያለበት አምባ ላይ። የተራራው ስም የእስር ቤት ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሳለ የሰማውን ሲተርክ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ ወደ ወህኒ ሄዶ ዘመዶቹን በገዛ ዓይኑ አየ ይላል። ለእነሱ የተመደበውን ሹማምንት በልተውት፣ እነሱ ተርበውና ልብሳቸው አልቆ አገኛቸው። ንጉሡ አዘነ፣ አለበሳቸው፣ ቀለብ ቆረጠላቸው።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው ንጉሡ ደግ መሆኑን አይደለም፤ መሄዱን ነው። ሪፖርት ቢጠብቅ ኖሮ "ሁሉም ሰላም ነው" ነበር የሚሉት፣ የበሉት እነሱ ናቸውና። ዛሬም የጎደለው ይሄ ነው፤ ክፍሉ ድረስ ገብቶ ጣሪያውን በእጁ የሚዳስስ ሰው።

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስንም አንርሳ። የአገሪቱ ቁንጮ ቀዶ ሐኪም፣ የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት መሥራች። ስንቱን ያዳነ እጅ እስር ቤት ገብቶ ጤናው ተሰበረ። ለሕክምና ውጭ እንዲወጣ ሲፈቀድለት ጊዜው አልፎ ነበር፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ሞት የፈረደበት ዳኛ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የሚመረውን ልናገር፤ ለእኛ ነው። እኛ የታወቀ ሰው ሲታሰር ፎቶውን እንለጥፋለን፣ ፕሮፋይል እንቀይራለን። ደግ አደረግን። ግን ጣቢያ ውስጥ ስሙን የማናውቀው ሊስትሮ አለ። በግ ሰርቆ የተያዘ ልጅ አለ። ከእኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ በሌላ ወገን የታሰረ አለ። ቆርቆሮው የሚግለው ለሁሉም እኩል ነው። "ለኔ እስረኛ ብቻ" የምንል ከሆነ የምንጠይቀው ፍትሕ አይደለም፣ ተራ ነው።

ሌላው፤ በእጁ ሰው የያዘ ሁሉ ይሄ ይመለከተዋል። መንግሥትም ይሁን፣ "የሕዝብ ልጅ ነኝ" ብሎ ጠመንጃ ያነሳም ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 5 በእርስ በርስ ጦርነት የተያዘ ሰው ምግብና ውሃ እንዲሰጠው፣ ከአየር ጠባይ ክፋትም እንዲጠበቅ ያዛል። "ከአየር ጠባይ ክፋት"፤ ቃል በቃል ይሄው ጉዳይ ነው። ምርኮኛ ወታደርን ሜዳ ላይ ብርድ ያስመታ፣ አዋሽ ላይ የተደረገብንን ለመክሰስ አፍ የለውም። የጎንደር ሰው የማረከውን አብልቶ አልብሶ ሲልክ ነው ጀግና የሚባለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጠይቅ። ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ የታሰረን መጠየቅ ነው፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ምርኮኛን ማብላት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃሉ። ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ለደጋ ብርድ ልብስና ካልሲ፣ ለቆላ ኦአርኤስና ሳሙና።

ሁለተኛ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቀው፤ "ስንት ሆናችሁ ትተኛላችሁ? ውሃ ማታ ታገኛላችሁ? መድኃኒትህ የት ነው የሚቀመጠው?" መልሱን ከነቀኑ ፃፍ። የእስረኛውን ስም ግን ቤተሰቡ ሳይፈቅድ ፖስት አታድርግ፤ የሚከፍለው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ታሳሪው ሲታመም ለሕመሙ ትክክለኛ ስም ስጠው። ሙቀት ውስጥ የሚቃዥ ሰው "አስመሳይ" አይደለም። ውሃ አድርግበት፣ አራግብለት፣ ሐኪም ጥራ በልና ለጠባቂውም ንገረው። ጠባቂውም የድሃ ልጅ ነው፣ እዚያው ቆርቆሮ ስር ነው የሚውለው፤ ከነገርከው ይሰማል።

አራተኛ፣ የጤና ምሩቃን! ፀዳችን የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት። ተምረን፣ ተመርቀን፣ ዲግሪያችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ድንጋይ ላይ የምንቀመጥ ስንት ነን? እኔም አንዱ ነኝ። ሥራ የለንም፣ ጊዜ ግን አለን። ለማረሚያ ቤቶችና ለጤና ቢሮ "በነፃ ገብተን የክፍሎቹን ሙቀት እንለካ፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸውን እንመዝግብ" የሚል ደብዳቤ እንፃፍ። እምቢ ካሉም የእምቢታው ደብዳቤ ራሱ ማስረጃ ነው።

ከባለሥልጣናት የምንጠይቀው ደግሞ አጭር ነው። በየክፍሉ አንድ ቴርሞሜትር ይሰቀል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይመዝገብ፣ መዝገቡን ኢሰመኮም ጠበቃም ይየው። ሕመምተኛና አዛውንት ከሚጎዳው አየር ይዛወር። ማንም ሰው ቤተሰቡ ሊደርስበት ከማይችል በረሃ ካምፕ አይታሰር። የተያዘ ሁሉ ዳኛ ፊት ይቅረብ።

የአንድ ቴርሞሜትር ዋጋ ምንድን ነው? ምንም። ለዚህ ነው የማይሰቅሉት። ቁጥሩ ከተፃፈ በኋላ "አላወቅንም ነበር" ማለት አይቻልማ።

ወገኔ፣ ዛሬ ቀትር ላይ ቤትህ ሲግል፣ ወይም ማታ ጋቢህን ስትስብ፣ ለአንድ ደቂቃ የተቆለፈውን በር አስብ። ከዚያ ተነስና ሂድ፤ ንጉሡም ሄዶ ነው ያየው።

ከፀዳ፣ ጎንደር
አንብበህ ስትጨርስ ሼር አድርግ፣ እሑድ ደግሞ ጠይቅ።